ለፍሬዎቹ የተሰጠው እረፍት

አንዲት ትርንጎ የምትባል ሴት ሁለት የማይነጋገሩ ወንድሞች ነበሯት። ሦስቱም ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ውስጥ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት እየሰበሰቡ ለወፍጮ ሞተር የሚሆን ነዳጅ ይሠራሉ። ታላቁ ደምሰው ዘይቱን ከመንገድ ዳር ጠባሾች በጄሪካን ያመጣል። ታናሹ ይበልጣል ኬሚስት ነው፤ ዘይቱን ከአልኮል ጋር አገናኝቶ ወደ ነዳጅ ይለውጠዋል።

ዘይትና አልኮል ለብቻቸው ቢተዉ አይስማሙም። ስለዚህ ይበልጣል አሲድነት ያላቸው ጠጣር ፍሬዎች ይጨምርባቸዋል። ካታሊስት ይላቸዋል። ፍሬዎቹ ሁለቱን ያዋህዳሉ እንጂ ራሳቸው ነዳጅ አይሆኑም፤ ሥራው ሲያበቃ በወንፊት ተለይተው ይወጡና ለሚቀጥለው ዙር ይገባሉ።

ወንድማማቾቹ የተኳረፉት በአባታቸው ተዝካር ላይ ነው። ምክንያቱን አሁን ሁለቱም በደንብ አያስታውሱትም። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ በትርንጎ በኩል ያልፋል።

«ያንን ሊቅ ዘይቱ መጥቷል በይው» ይላል ደምሰው፤ ሊቁ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ይሰማል።

«ውሃ የገባበት ዘይት ነው። መጀመሪያ ዓይኑን ይመርመር በይልኝ» ይላል ይበልጣል።

ትርንጎ ስድቡን ታስቀርና መልእክቱን ታደርሳለች። «ውሃው ተለይቶ ይምጣ ይልሃል። ድካምህንም ያውቃል» ትላለች። ድካምህን ያውቃል የሚለውን ከራሷ ነው የምትጨምረው።

ውሎ ሲያድር እንቅልፍ አጣች። ምግብ አስጠላት። አንድ ቀን «አክስታችን ዘንድ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» ብላ ለመነቻቸው።

ደምሰው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ምን ሠርተሽ ነው የሚደክምሽ? ጄሪካን አትሸከሚ፣ እሳት አታነጂ!»

በዚህ ጉዳይ ብቻ ታናሹ ከታላቁ ጋር ተስማማ። «እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ እኮ ግቢው ይዘጋል» አለ።

ቀረች።

በዚያው ሰሞን ነዳጁ መበላሸት ጀመረ። ባለ ወፍጮው «ሞተሬን አስለቀሰው» ብሎ ነዳጁን መለሰላቸው። ደምሰው በኬሚስቱ፣ ኬሚስቱ በዘይቱ አሳበበ፤ ትርንጎ በመካከል ተመላለሰች። በመጨረሻ ይበልጣል ፍሬዎቹን አውጥቶ አያቸው። ጥቁር ዝቃጭ ጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸውን ሁሉ ደፍኗል። በአልኮል አጠባቸው፤ ትሪ ላይ ዘርግቶም ወደ ማድረቂያው ምድጃ አስገባቸው።

«ዛሬ ዘይት አያምጣ በይው» አላት። «ፍሬዎቹ ደክመዋል።»

ትርንጎ አልሄደችም። ባዶ ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«አያልቁም ትል አልነበር?»

«አያልቁም። ግን የዘይቱ እድፍ እነሱ ላይ ይቀራል። ካልታጠቡና ካላረፉ ከተራ ጠጠር አይሻሉም።»

«እኔ ላይ የቀረውስ?» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

ይበልጣል ቀና ብሎ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከዚያም ደምሰው ከጋሪ ዕቃ ወደሚያወርድበት በር ራሱ ሄደና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ... ዘይቱ ይቆየን። ትርንጎ ትሂድ፤ ታማብናለች።»

«ጋሼ ያልከው እኔን ነው?»

«ሌላ ማን አለ እዚህ?»

ደምሰው ጄሪካኑን እንዳንጠለጠለ ቆመ። «የዛሬው ውሃ የለበትም» አለ በመጨረሻ።

ትርንጎ አክስቷ ቤት ደርሳ ለቀናት ተኛች። ወንድሞቿ በሌለችበት ክፉኛ ተጨቃጨቁ፤ ስድቡም ሳይጣራ ፊት ለፊት ደረሳቸው። ቢሆንም የተጨቃጨቁት በሰው በኩል ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነበር።

ሁለት ሰዎችን የሚያስማማ ሰው ስለማይጮህ የማይደክም ይመስለናል። ከሁለቱም ወገን የሚራገፈው እድፍ ግን እሱ ላይ ይቀራል። በእናንተስ ቤት በመካከል የሚመላለሰው ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈውስ መቼ ነው?