በባል ቁመት የተሠራው ኩሽና

ወገኖቼ፣ መጽሐፉ «አትማሉ» ባይል ኖሮ ዛሬ እምልላችሁ ነበር። የምነግራችሁ ነገር ከአፍ እስከ ገደፉ እውነት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ እንዲህ ያለውን ፈጥሬ ለማውራት የሚያበቃ ትምህርት ከየት አመጣለሁ?

አንድ ሰው ነበር፣ ቡታጅራ። ረጅም ነው። ምን ያህል ረጅም? ዝናብ ሲመጣ ከሁላችን ቀድሞ እሱ ይረጥባል፤ «መጣላችሁ!» ሲለን እኛ የተሰጣ ልብስ እናስገባለን። ሚስቱ ትርፌ ደግሞ ስንዴ ማሳ ውስጥ ከገባች የሚታየው ሻሿ ብቻ ነው። ይዋደዳሉ።

ትርፌ ጭስ በሞላው የጭቃ ማጀት ስትሠራ ኖራ ዓይኗ ቀላ። ሰውየው አዘነላት። እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ በሄደችበት ሰሞን፣ «ስትመለስ ዘመናዊ ኩሽና ይጠብቃታል» አለና ግንበኛ ጠራ።

«ባንኮኒው ምን ያህል ይነሳ?» አለ ግንበኛው።

ሰውየው የራሱን ወገብ መታ መታ አደረገ። «እዚህ ድረስ።»

«ቁም ሳጥኑስ?»

እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «እዚህ።»

«መብራቱስ?»

«መሐል ጣሪያው ላይ! እንግዳ ከበር ሲያየው እንዲያምር።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው እኮ በዕድሜው ማጀት ገብቶ አያውቅም! እናንተስ፣ ወንዶች? «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል? ውጣ!» እየተባልን አይደል ያደግነው? ታዲያ ያልገባንበትን ቤት ንድፍ ማን አውጡ አለን?

ትርፌ ተመለሰች። ጎረቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ «ይሄማ ሆቴል ነው!» አለ። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሙሽራ ይስቃል። ትርፌ «ጎንበስ በልልኝ» አለችውና አገላብጣ ሳመችው።

ዓመት አለፈ። ትርፌን ወባ ጣላት። እህል በአፏ አልዞር አለ። ሐኪሙም «ባዶ ሆዷን መድኃኒቱን አትችለውም፤ አንድ ነገር ትቅመስ» ብሎ አስጠነቀቀ። ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ሄዷል። ማን አለ? ሰውየው ብቻ። አጥሚት ሊሠራላት ማጀት ገባ።

ቧንቧው በአንደኛው ግድግዳ፣ ምድጃው በሌላኛው ነው። ድስቱን ይዞ ሲሻገር ውሃው እግሩ ላይ ፈሰሰ። ምድጃው ፊት ሲቆም መብራቱ ከጀርባው ሆነና የገዛ ጥላው ድስቱ ውስጥ ገባ፤ ይብሰል ይረር አያይም። ዞር ሲል የእግሩ ጣት ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ።

«ዋይ! ይሄ የለስላሳ ሳጥን እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተወው» አለች ትርፌ ከአልጋዋ። «እሱ እግሬ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። የተገለበጠ ሳጥን። ላዩ ላይ የእሱ አሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎበታል፤ ሹራቡ በተረከዟ ልክ ሳስቷል። እዚያ ላይ ቆማ ነው ዓመቱን ሙሉ ያበላችው።

ጭልፋውን እንደያዘ ወደ እሷ ሄደ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ቀን በሩ ላይ እንዴት እንደሳቅህ ራስህን አላየህማ። ያንን ሳቅ በምን አፌ ላጥፋው?»

«ብትወድቂስ ኖሮ?»

«ወድቄያለሁ እኮ። ድስቱን ጠይቀው፣ አንድ ጆሮ የለውም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አጥሚቱን በማንኪያ፣ በማንኪያ አጠጣት። ጣፋጭ ነበር፤ ማር! ትርፌም ነፍስ ዘራች።

ስትድን ግንበኛውን መልሶ ጠራው። ትርፌን ኩሽናው መሐል አቆመና «ለካ!» አለው፤ «በእሷ ክርን ልክ!» ባንኮኒው ወረደ፣ ቁም ሳጥኑም ወረደ። ቧንቧው ወደ ምድጃው ቀረበ፣ መብራቱ ከፊቷ ተሰቀለ። ዛሬ ሰሃን የሚያጥበው እሱ ነው። አጎንብሶ ወገቡን ያመዋል፤ «አመመኝ» እያለ ይስቃል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ በማን ወገብ ለክታችሁ ነው ለሰው የምትሠሩት? ለልጅህ የሚማረውን የመረጥክለት አባት፣ ልጁን ለክተኸዋል? እናትህን ከገጠር አምጥተህ ፎቅ ላይ ያስቀመጥክ፣ ደረጃውን በእሷ ጉልበት ወጥተህ አይተኸዋል? መውደዳችሁንማ መች ጠረጠርኩ! ሰውየውም እኮ ይወዳት ነበር። ከበር ላይ ሆኖ ወደዳት እንጂ።

ጌታችን ግን በር ላይ ቆሞ አልወደደንም። ገባ። ሥጋችንን ለበሰ፣ ቁመታችንን ቆመ፣ ድካማችንን ደከመ።

እናንተም፣ ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ ሳጥን ላይ የቆማችሁ፣ ውረዱና ተናገሩ፤ ሳትወድቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ደግሞ «እዚህ ቤት እጅሽ የማይደርስበት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁ አትሩጡ፤ መልሱን ቁሙና ስሙ።

እንግዲህ ለጸሎት ከመነሳታችን በፊት፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። አጥሚቱ ጣፋጭ አልነበረም። አርሮ ነበር፤ በስኳር ፋንታም ጨው ነው የገባበት። ትርፌ ግን ጨርሳ ጠጥታ «ጨምርልኝ» አለችው። እሱ እውነት ነው።