የዘበኛው ደም

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቱ አቶ ባንትይርጉ ደማቸው ሲመረመር ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ከልክ አልፎ ተገኘ። ሐኪሙ ጮማና መጠጥ ከልክሎ ለድጋሚ ምርመራ ቀጠራቸው። እሳቸው ግን ከጮማው ሳይለዩ ከረሙና ቀኑ ሲደርስ ዘበኛቸውን ጠርተው፣ «ላቦራቶሪ ሂድና በእኔ ስም ደም ስጥ፤ እምቢ ካልክ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ!» አሉት።

ሐኪሙም ውጤቱን አይቶ፣ «ደምዎ ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ ትንሽ ጮማ ቢቀምሱ አይከፋም» አላቸው።

ባለጸጋው በደስታ ሰንጋ ጥለው ወዳጆቻቸውን ጠሩ። ቁርጡ እንደቀረበ ዘበኛው እጁን ታጥቦ መጣና ከፊታቸው ያለውን ሳህን ወደ ራሱ ሳበው።

«አንተ! ምን ማድረግህ ነው?»

«ጌታዬ፣ ጮማ የተፈቀደው ለእኔ ደም ነው። የእርስዎን ገና ማንም አላየውም። አስመርምረው እስኪመለሱ ሥጋውን እኔ እጠብቅልዎታለሁ፤ ዘበኛዎ አይደለሁ?»