የጥጃ ዋሻ

«አሬ መጣ! አባዬ፣ አሬ መጣ!» ብላ አንጓች ከዋሻው ውስጥ ስትጮህ አባቷ እንየው አፏን በመዳፉ ከደነው፤ ድምፁ ግን ቀድሞት ወጥቶ ነበርና ከማዶው ገደል ተመትቶ ተመለሰ። በዋሻው ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከታች ከምንጩ ዳር የሽፍቶቹ ፈረስ አንኮራፋ። አንዱ «ዝም በሉ እስቲ፣ ምንድን ነው እሱ?» ሲል ተሰማ፤ ሌላው «ዝንጀሮ ነው፤ አገሩ ሁሉ ዝንጀሮ!» ብሎ ሳቀ። 

ያ ዋሻ ዛሬ የጥጃ ዋሻ የሚባለው፣ ከሾላ አፋፍ በታች ከገደሉ ወገብ ላይ ያለው ነው። ጥጃ ገብቶበት አያውቅም፤ ሊገባበትም አይችልም፤ ሰው ራሱ ደረቱን ለድንጋዩ ሰጥቶ በጎኑ እየተሳበ ነው የሚደርስበት። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ስሙ የወጣለት በዚያ ቀን ነው፤ ሽፍቶች የላይኛውን ጎጥ አቃጥለው፣ ያያቸውን ሰው ሁሉ እየፈጁ በወረዱበት ቀን።

የሾላ አፋፍ ሰው እንደ ስሙ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚኖረው። ከጓሮው ትንሽ አለፍ ካሉ መሬቱ ያልቃል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ልጅ መሄድ ሲጀምር ከሁሉ በፊት የሚማረው አንድ ነገር ነበር፤ ሆዱ ሲነሳበት ወይም ሽንቱ ሲመጣበት ባለበት ቆሞ፣ የመጣበትን በስሙ ጠርቶ፣ ባለ በሌለ ድምፁ መጮህ፣ እጁን የሚይዘው ሰው እስኪመጣም አንዲት እርምጃ አለመራመድ። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ልጁ ተቀምጦ በደህና ከተነሳም ሴቶቹ እልል ይሉለታል። በዚህ የተነሳ ከዚያ መንደር ገደል የገባ ልጅ አልነበረም ይባላል። ልጅ ያቆየላቸው ጩኸት አንድ ቀን እነሱኑ ሊያስፈጅ ይችላል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

አንጓች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ በዚህ ትምህርት ግን ከእኩዮቿ ሁሉ ትበልጥ ነበር። እናቷ ልትወልድ ወላጆቿ ዘንድ ቆላ ወርዳለች። እንየው ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር የሚውል፣ ቃል የማይበዛለት ሰው። ልጅቷን እጇን ይዞ ሜዳ ያወጣበት ቀን ጥቂት ነው።

«እንየው» አሉ አያ ደምለው በሹክሹክታ። የመንደሩ ታላቅ እሳቸው ነበሩ፤ ሰዉን ሁሉ ወደ ዋሻው ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። «ይችን ልጅ ዝም አሰኛት።»

«እሺ አያ።»

«እሺ አይደለም የምልህ። እዚህ ጡት ያልጣሉ አሉ፣ እርጉዝ አለች። ዳግመኛ ከጮኸች…» አልጨረሱትም።

ጎረቤቱ ይርገዱ የራሷን ሕፃን በአንድ እጇ እንዳቀፈች ነጠላዋን ጠቅልላ ድቡልቡል አደረገችው። «እኔ እይዝላታለሁ» አለች። «ለጥቂት ነው። አትጎዳም።»  እንየው ነጠላውን አየ፣ የልጅቷንም ፊት አየ። የሕፃን አፍና አፍንጫ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያን ዕለት ነው ያወቀው።

ልጅቷን ታቅፎ ወደ ዋሻው ጥግ፣ የሌሊት ወፎች ወደተንጠለጠሉበት ወሰዳት። እዚያ አስቀመጣት። ጨርሳ ስትነሳ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ጠበቀች። እልል የሚል የለም። ዙሪያዋን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቷ ተነፋ። እንየው ልትጮህ እንደሆነ አውቆ መዳፉን አነሳ፤ ይርገዱም ከኋላው ስትነሳ የቀሚሷ ኮሽታ ተሰማው።

ይህን ጊዜ ከታች ላም እምቧ አለች።

ሽፍቶቹ የመንደሩን ከብት፣ የእንየውን ላም ቦራንም ጭምር፣ ሰብስበው ምንጩ ላይ ያጠጡ ነበር። አንጓች ጆሮዋን አቀናች። የተነፋው ደረቷ ቀስ ብሎ ረገበ። ከዚያም የአባቷን አንገት ጎትታ «አባዬ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ቦራ ናት።»

እንየው ደነገጠ። ልጁ ድምፅ መቀነስ እንደምትችል አያውቅም ነበር። በሾላ አፋፍ ልጅ የማይጮህበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ላም የሚታለብበት ጊዜ። ላም ከደነገጠች ወተቷን ትከለክላለችና። ጥጃው እንኳ ገመዱን በጥሶ ቢያመልጥ፣ ያየው ልጅ ወደ አላቢው ተጠግቶ በጆሮው «ጥጃው ተፈታ» ይለዋል እንጂ ድምፁን አያሰማም። ይህን አንጓችም ከእናቷ ጉያ ሆና ለምዳዋለች።

«አዎ፣ ቦራ ናት» አላት። «እየታለበች ነው።»

«ማን ያልባታል?»

«ሰዎች።»

«እኛ ዝም?»

«ዝም።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ደግሞ ቢመጣብሽ እንደ ቅድሙ በስሙ አትጥሪው። ጆሮዬ ዘንድ መጥተሽ ጥጃው ተፈታ በዪኝ።»

«ጥጃው የታለ?»

«ሆድሽ ውስጥ።»

ልጅቷ ሆዷን አየች፤ ነካ ነካ አደረገችው። «እልልስ?»

 እንየው መዳፉን አናቷ ላይ ጫን አደረገ። «ይኸው። እልል ማለት ነው።»

«በጥጃ ልንተርፍ ነው እንግዲህ!» አለች ይርገዱ ከጀርባው። አያ ደምለውም ልጅቷን እያዩ ይርገዱን «ነጠላውን አታርቂው» አሏት።

እንደሚነገረው ፀሐይ ዘንበል እስክትል ድረስ ከታች የሚሰማው ሳቅና የሥጋ ጥብስ ሽታ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ጠጠር ሲንሸራተት ተሰማ። አንድ ሰው በጎኑ እየተሳበ ወደ ዋሻው ይወጣል። የጦሩ ጫፍ ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ቅጭልጭል ይላል። በዋሻው አፍ ላይ ለመደበቂያ የከመሩት የቀጋ ቅርንጫፍ ተነቃነቀ፤ ቀጭን ብርሃን ገብቶ የአያ ደምለውን እግር ነካ፤ እሳቸውም እግራቸውን መሰብሰብ ፈርተው እንዳለ ተዉት።

አንጓች በዚያው ሰዓት ተንቀሳቀሰች። ፊቷ ቀልቷል። ሁሉም አዩዋት። ይርገዱ ነጠላውን ይዛ በጉልበቷ ቀረበች፤ አያ ደምለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልጅቷ አፏን ከፈተች። እንየው መዳፉ ከልጅቷ ፊት ደረሰ፤ ግን አልከደናትም።  ልጅቷ በመዳፉ ሥር አልፋ ትከሻው ላይ ተንጠላጠለች፤ ትንፋሿ ጆሮው ውስጥ ሞቀው።

«አባዬ… ጥጃው ተፈታ።»

ሊነሳ አይችልም፤ ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል። የጋቢውን ጫፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ እዚያው አስቀመጣት። ሙቀቱ ጭኑን አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲወርድ ንቅንቅ አላለም። ሽታው ግን ተነሳ። ድምፅን ሲጠነቀቁ የዋሉት ሰዎች ሽታን አላሰቡም ነበር።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄ ጉድጓድ ይከረፋል!» አለ ደጅ ያለው ሰው።

«ሰው አለበት ወይ?» አሉት ከታች።

ቅርንጫፉ እንደገና ተነቃነቀ። የሌሊት ወፎቹ ከጣሪያው ተላቀው በሰዎቹ ራስ ላይ አለፉ፤ ሰውየው ተሳድቦ ወደ ኋላ አለ።

«የወፍ ኩስ ነው! ሰው ቢኖርበት በግማቱ ይሞት ነበር!»

ጠጠሩ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። አንጓች ቀና ብላ አባቷን ትጠብቃለች። እንየው አናቷን በመዳፉ ጫን አደረገ። በላዩ ሌላ እጅ ተደረበ። የይርገዱ እጅ ነበር፤ ነጠላው መሬት ወድቋል።

ሽፍቶቹ ሳይመሽ ከብቱን ነድተው ሄዱ። የቦራ እምቧታ ከወንዙ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ከዋሻው አልወጣም።

ዛሬም የሾላ አፋፍ ልጅ ይህን ነገር በስሙ ጠርቶ አይጮህም። ወደ ትልቅ ሰው ተጠግቶ «ጥጃው ተፈታ» ይላል፤ የሰማውም እጁን ይዞ ያወጣዋል፤ ሲመለስ አናቱን በመዳፉ ጫን ያደርግለታል። እንግዳ ሰው ደግሞ በለቅሶ ላይ ወይም በሽማግሌ ጉባኤ መካከል፣ ሽበት ያበቀለ ሰው ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ሲያዘነብል፣ ጎረቤቱም ሳይስቅ እጁን ይዞት ሲነሳ አይቶ ይገረማል። ልጆቹ ከአንጓች ነው የተማሩት። ትልቁ ሰው ከማን እንደተማረው ግን ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ።

በድንግዝግዝ ሰዉ ሁሉ ከዋሻው እየተሳበ ሲወጣ አያ ደምለው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እንደተቀመጡ ቀሩ። ድንጋጤው ያዛቸው ተብሎ ነበር። እንየው ልጅቷን ለይርገዱ ሰጥቶ ተመለሰና አጎነበሰላቸው። ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ስላረፉ ለእሱ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው ይባላል፤

«ጠጋ በል ልጄ፣ ጆሮህን ስጠኝ። የኔም ጥጃ ከጠዋት ጀምሮ ገመዱን እየበጠሰ ነው። እጄን ይዘህ አውጣኝ፤ ገደሉ አይታየኝም።»