ያላደገችው ሲባጎ

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉና ጠጋ ጠጋ በሉ። መስማት ያልፈለገ ይተኛ፤ ብቻ እንዳያንኮራፋብኝ።

አትጠገብ የምትባል፣ የሰው ልብስ ጠርዝ በእጇ እየዘመዘመች የምታድር ሴት ነበረች። ከባሏ ከልብስ ሰፊው ከደርበው ስትፋታ ልጃቸው እማዋይሽ ገና ትድህ ነበር። ሽማግሌው አባባ ተገኝ፣ «አባት በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ ይስፋላት» ብለው ፈረዱ። ኋላ ጠብ እንዳይነሣ ብለው ደግሞ ሕፃኗን ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሲባጎ ለኩና፣ ቋጥረው ለአባቷ ሰጡት። ጉድ እኮ ነው! እማዋይሽ ቆመች፣ ሮጠች፣ የወተት ጥርሷን ነቀለች። የደርበውም የስፌት መኪና ሁለት ሆነ። ሲባጎዋ ግን ያችው ናት፤ በየዓመቱ የሚሰፋው ቀሚስም ከአሻንጉሊት በቀር ማንም አይለብሰው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት መግቢያዋ ደረሰ። «በእናቴ አሮጌ ነጠላ አልሄድም፤ ይስቁብኛል» ብላ አለቀሰች። አትጠገብ ብድግ ብላ ወደ ደርበው ሱቅ ሄደች።

«አንተ ደርበው፣ የልጅህን ቀሚስ አስረዝመው እንጂ!»

«በእኔ በኩል ችግር የለም» አለ። «ሲባጎዋ ትርዘምና አስረዝማለሁ። የሽማግሌ ልክ አይነካም።» አቤት ሕግ አክባሪ!

ሄደች ወደ ሽማግሌው። «አባባ ተገኝ፣ ሲባጎዋን ያስረዝሙልኝ። ሲባጎ ካልረዘመ ደርበው አይሰፋም፣ ደርበው ካልሰፋ ልጄ አትማርም።»

«በእኔ በኩል ችግር የለም ልጄ። እንደ ድሮው መሰለሽ? ቀበሌ ማኅተም ካልመታ ሽማግሌ አይቀመጥም ተብለናል።»

ሄደች ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር፣ ወደ አቶ ምንውየለት። «ጌታዬ፣ ማኅተም ይምቱልኝ። ማኅተም ካልተመታ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ሲባጎ አይረዝምም፣ ሲባጎ ካልረዘመ ደርበው አይሰፋም፣ ደርበው ካልሰፋ ልጄ አትማርም።»

«በእኔ በኩል ችግር የለም እህቴ። ግን በዓል ላይ ነን፤ ከወረዳ እንግዳ ይመጣል። በዓሉ ሳይከበር ማኅተም ከመሳቢያ አይወጣም።»

«ደግሞ የምን በዓል መጣ?»

«የሕፃናት ቀን ነዋ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሄደች በዓሉን ወደምታሰናዳው ወደ ወይዘሪት ውዴ። «እባክሽ በዓሉን ቶሎ አክብሪልኝ። በዓል ካልተከበረ ማኅተም አይመታም፣ ማኅተም ካልተመታ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ሲባጎ አይረዝምም፣ ሲባጎ ካልረዘመ ደርበው አይሰፋም፣ ደርበው ካልሰፋ ልጄ አትማርም።»

«በእኔ በኩል ችግር የለም እቴ። ‹ለልጆቻችን አንተኛም› የሚለው ባነር ካልተሰቀለ ግን እንግዳው ፎቶ አይነሣም፤ ፎቶ የሌለበት በዓል ደግሞ ምን በዓል ነው? ባነሩ ደርበው ጋ ስፌት ላይ ነው።»

ዞሮ ዞሮ ከቤት! ተመልሳ ደርበው ፊት ቆመች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ደርበው፣ ባነሩን ጨርስ። ባነር ካልተሰቀለ በዓል አይከበርም፣ በዓል ካልተከበረ ማኅተም አይመታም፣ ማኅተም ካልተመታ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ሲባጎ አይረዝምም፣ ሲባጎ ካልረዘመ አንተ አትሰፋም፣ አንተ ካልሰፋህ ልጃችን አትማርም!»

ደርበው ራሱን አከከ። «እኔማ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የቀረው ጠርዙ ነው፤ በእጅ ካልተዘመዘመ ይተረተራል። ለዘምዛሚዋ ልልክባት ስል…»

«ዘምዛሚዋ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»

አትጠገብ ከት ብላ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ። ስትለማመጥ የዋለችው ለካ ራሷን ኖሯል! መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰክታ ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። «በእኔ በኩል ችግር የለም። የልጄ ቀሚስ ይርዘምና እዘመዝማለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ማየት! ደርበው ወደ ውዴ በረረ፣ ውዴ ወደ ምንውየለት በረረች። የእንግዳው መኪና ከወንዙ ማዶ አቧራ ሲያስነሣ ማኅተም ከመሳቢያ ወጣ፣ ማኅተም ተመታ፣ አባባ ተገኝ ተቀመጡ፣ ሲባጎዋን ከደርበው ተቀብለው፣ ፈትተው ሌላ ሊቀጥሉባት ሆነ።

«የለም፣ አባባ!» አለች አትጠገብ እጃቸውን ይዛ። «የሚመጣው ዓመትስ? ልጄ እንጂ ሲባጎ አያድግም። ደግሜ ልዞር ነው?»

ሽማግሌው አፈሩ። ሲባጎዋን በጥሰው ጣሏት። «ከዛሬ ወዲያ ልኳ ራሷ ልጅቱ ናት። በየዓመቱ ፊቱ ትቁምና ይለካት።»

እማዋይሽ ተጠርታ መጣች። ደርበው ሜትሩን ይዞ እንደ ሕፃን ሊለካት ተንበረከከ፤ ትከሻዋ ከዓይኑ በላይ ሆነበት።

«አንቺ ልጅ፣ መቼ እንዲህ አደግሽ?»

«በየቀኑ፣ አባዬ» አለችው።

ደርበው ቀና ብሎ ለካት።

እኔ ጨረስኩ። አፌን በዳቦ ማበሱን ተዉትና እናንተም ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ለኩ።