ለቀብር የቸኮለው አውሮፕላን

በአንድ ወቅት፣ ዝናቡ አላቆም ባለበት በአንድ ነሐሴ፣ ሰባ ሰው የጫነ አውሮፕላን አንዲት ቆላ ከተማ ላይ ሲያርፍ ከማረፊያው ሜዳ አልፎ ገደል ገባ። ዘጠኝ ሰው ሞተ። ምክንያቱን እንዲያጣሩ የተላኩት አቶ ሽመክት ነበሩ፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ስብርባሪ ማገላበጥ የሰለቻቸው ሰው። አምስት ወር ሙሉ የበረራውን ንግግር ከሚቀዳው ጥቁር ሳጥን የወጣውን ድምፅ ሲሰሙ ከረሙ። ሪፖርቱ ላይ ለዋናው አጥፊ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ስሙ እዚያ የሰፈረ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም። አቶ ሽመክት ጥፋቱን የሚክድ ሰው ብዙ አይተዋል፤ ጥፋት የሚሻሙ ሰዎች ግን አይተው አያውቁም።

መጀመሪያ ከአየር ማረፊያው ማማ በረራ የሚቆጣጠረው ሙሉዓለም መጥቶ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሜዳው ውሃ ማቆሩን አይቻለሁ። ‹እርጥብ ነው› ብዬ አለፍኩ እንጂ ‹አትረፉ› አላልኩም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዱን አውሮፕላን መልሼ ፈሪ ተብዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ረዳት አብራሪዋ ጽዮን በክራንች እያነከሰች ገባች።

«ፍጥነታችን መብዛቱን አውቄያለሁ። ደንቡ ሁለቴ ተናግረሽ ካልተሰማሽ መሪውን ያዢ ይላል። እኔ አንዴ፣ ያውም በቀስታ፣ ‹ጋሼ፣ አልፈጠንንም?› አልኩ። ካፒቴኑ ‹አይዞሽ› ሲሉኝ ተውኩት። ካስተማሩኝ ሰው እጅ እንዴት ልንጠቅ? የኔን ስም ይጻፉ።»

«አይ ልጄ!» አሉ አቶ ሽመክት።

ካፒቴን አስናቀ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። «መሪው በእኔ እጅ ነበር። ልጆቹን ይተዉዋቸው።»

«ያን ያህል ምን አስቸኮለዎት?»

«ከመነሳታችን በፊት አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ፣ ‹የባሌ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በፈጠረህ አድርሰኝ› አለችኝ። ሳላርፍ ልመለስ ስል እሷ ትዝ አለችኝ። ልጆቿ ሁለቱም ሞቱ፤ እሷ ተረፈች። ይህን እንዳይጽፉት፣ አደራ።»

አቶ ሽመክት ብዕራቸውን አነሱ፣ መልሰውም አስቀመጡ። ደከማቸው። ልመናው ካልተጻፈ ካፒቴኑ እንዲሁ በማን አለብኝነት ሰው የፈጀ ይባላል። ከተጻፈ እሳቸው አደራ በላ ናቸው፤ እናቲቱም ልጆቿን በገዛ አፏ እንደገደለች ሪፖርቱ በሬዲዮ ሲነበብ ትሰማለች። ሪፖርቱ የሚፈለገው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። በዚያች መስመር ላይ የሚሰፍረው የማን ስም ነው? የእናቲቱስ ልመና ይጻፍ ወይስ ይቅር?