የታጠበችው የእርሾ ማሰሮ

አንዲት አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ ቤት ከገባች ገና ወር አልሞላትም። አማቷ እትዬ የሺመቤት ጸበል ሄደው ሳሉ፣ ሲመለሱ ቤቱ አምሮ ይጠብቃቸው ብላ ጓዳውን ማጽዳት ጀመረች።

ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ማሰሮ አገኘች። አፏ ዙሪያ ሊጥ ደርቆባታል፤ ትሸታለች። ልጅቱ ያደገችው ዳቦ ከሱቅ በሚገዛበት ቤት ነው። ታዲያ ምን አደረገች? ውስጧ ያለውን ደፋች። ማሰሮዋን በፈላ ውኃና በበረኪና ፈትጋ አጠበቻት።

ባሏ ሲገባ የታጠበችውን ማሰሮ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እርሾውስ?» አላት።

«የምን እርሾ?»

«እማዬ ከሟች እናቷ የተቀበለችው ነው። እዚህ ቤት ስትገባ በእጇ ይዛው ነው የመጣችው።»

እናንተ እዚህ የተቀመጣችሁ ሙሽሮች፣ አትሳቁ። ይህች ልጅ ምን ይዋጣት? ብርጭቆ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። የሟች እናት እርሾ ከየት ይገዛል?

እያለቀሰች ጎረቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ሰምተው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ እርሾ ከየት የመጣ መሰለሽ? የኔው ቢበላሽብኝ አማትሽ ናት የሰጠችኝ። ያው እሱ ነው። በይ ዕቃ አምጪ።»

እፎይ አለች። ያንኑ ቀን አቡክታ አደረች።

እትዬ የሺመቤት ሲመለሱ ዳቦው ደርሷል። ልጅቱ እግራቸው ላይ ወድቃ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቆርሰው ቀመሱ፣ ደግመው ቀመሱ።

«የእናቴ ነው» አሉና አነሷት። «ለበላይነሽ ስሰጣት እኮ እየሰሰትኩ ነበር። ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ።»

ወገኖቼ፣ እርሾ ሕይወት አለው። ተመራማሪዎች ዓይን የማያያቸው ሕያዋን አሉበት፣ ለሆድ ይበጁ እንደሆነም እያጠናን ነው ይላሉ። እሱን ለነሱ እንተወው። እኛ ያየነው ይህን ነው፤ ለብቻቸው ያስቀመጡት ታጠበ፣ እየሰሰቱ የሰጡት ግን ጎረቤት ተቀምጦ ጠበቃቸው።

እናንተስ ከድናችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? ሙያ ነው? ጸሎት ነው? ወይስ ለወንድማችሁ ያልነገራችሁት የይቅርታ ቃል? አንድ ቀን ጓዳችሁ ቢታጠብ፣ ከማን ደጅ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ?

ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ አንድ በር አንኳኩ። እጃችሁ ቢሰስትም ስጡ። ያም ይቦካል።