በሃያ አራት ኪሎ የተወጠረ ራኬት

አንድ ቴኒስ ተጫዋች ነበረ፤ በዓለም ዝርዝር ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ።

ሐመልማል፣ ቁጭ በይ። ጫማሽንም መፍታት ትችያለሽ፤ ለመስማት ጫማ አያስፈልግም። «አሰልጣኝ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ ሰው ወደ ትልቅ ውድድር ማጣሪያ የሚገባው በምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በአንድ ቃል ልመልስልሽ እችል ነበር፤ ግን በአንድ ቃል የነገርኩሽን ሁሉ በማግስቱ ስትረሺው አይቻለሁ። ደግሞ ለምን ዛሬ እንደጠየቅሽኝ ሳላውቅ የቀረሁ አይምሰልሽ። እሱን ኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ መሆን ቀልድ አይደለም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከእሱ የሚሻሉት አራት መቶ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ግን ማንም አያውቀውም፤ ሻንጣውን ጎትቶ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነው። ትልቁ ውድድር ዋናውን ሜዳ የሚከፍተው ከላይ ላሉት ነው። ከእነሱ በታች ላሉት ማጣሪያ አለ፤ እዚያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ወደ ዋናው ያልፋል። የማጣሪያው በር ራሱ ደግሞ ሁለት መቶ አርባኛ ደረጃ አካባቢ ላይ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀሩት ጥቂት ቦታዎች በግብዣ የሚሰጡ ናቸው፤ ዋይልድ ካርድ የምትሏቸው። የዚያ ሰው አገር ፌዴሬሽን ከስምንቱ የግብዣ ቦታዎች ሰባቱን ራሱ መርጦ ይሰጥና ስምንተኛዋን ግን በትንንሽ ከተሞች ከሚደረጉ አራት ውድድሮች ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ ይተዋት ነበር። ለሰባቱ የሚመረጡት አንድም ልጅ እግር ተስፈኞች፣ አንድም ድሮ ስም የነበራቸው ናቸው። ሰውዬው ከሁለቱም አልነበረም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። የእሱ ተስፋ ስምንተኛዋ ቦታ ነበረች።

ያንን ትልቅ ውድድር እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ያየው ቲኬት ቆርጦ፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ነው። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። የእህቱ ባል የሴራሚክ ሱቅ አለው፤ «ና፣ ከኔ ጋር ሥራ» እያለ ሁለት ዓመት ለምኖታል። ሰውዬውም «ዘንድሮ ካልሆነልኝ ራኬቴን ሰቅዬ እመጣለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።

ይህ ሰው የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን ነበረው። እንደ ሙክት የሚከብድ ነገር ነው፤ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስም በሰው መኪናም ይዞት ይዞራል። በዚያ ደረጃ ላይ ያሉ ተጫዋቾች አሰልጣኝ የላቸውም፣ ወጌሻ የላቸውም፣ ክር የሚወጥርላቸውም የለም። አንዱ ላንዱ ነው። ባለማሽኑ የሁሉንም ራኬት ይወጥራል፤ አንዱ በምላሹ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ያነጥፍለታል፣ ሌላው አዲስ ኳስ ያካፍለዋል፣ ሌላው ጠዋት ተነስቶ ያለማምደዋል። መኪና ያለው ሁሉንም ይጭናል። ከሰዓት በኋላ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፣ የተሸነፈውም ከአሸናፊው ጋር አብሮ ራቱን ይበላል። የሚገርም ኑሮ ነው፤ እኔ ወድጄው ነበር።

ከመካከላቸው መኪና ያለው አንድ ረጅም ሰው ነበር። ክረምቱን በሙሉ በየጠዋቱ ከባለማሽኑ ጋር ሲለማመድ የከረመ ነው። ደረጃው ትንሽ ይሻላል፤ ሦስት መቶ ስንት ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱ ውድድሮች አልቀው አራተኛው ላይ ሲደረስ፣ በነጥብ የሚመራው ባለማሽኑ ሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ይኸው ረጅሙ።

በአራተኛው ውድድር ባለማሽኑ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። ረጅሙ ወደ ፍጻሜ አለፈ። ሒሳቡ ቀላል ነበር፦ ረጅሙ ፍጻሜውን ካሸነፈ ባለማሽኑን በአራት ነጥብ ይበልጠዋል፤ ከተሸነፈ ስምንተኛዋ ቦታ የባለማሽኑ ናት። ከዚህ በኋላ ባለማሽኑ የሚመታት ኳስ የለችም። ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ።

እሑድ ጠዋት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ረጅሙ ሁለት ራኬት ይዞ መጣ። የሁለቱም ክር ተበጥሷል። ሦስተኛው ከትናንት ወዲያ ተሰንጥቆበታል። የከተማዋ ሱቆች ዝግ ናቸው።

«ወጥርልኝ» አለው።

«ሌላ ሰው አጣህ?» አለ ባለማሽኑ።

«ካንተ በቀር ማሽን ያለው ሰው የት አለ? እኔ እኮ ልጠይቅህ አፍሬ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እንቢ ብትለኝም አልቀየምህም፤ ብቻ ቁርጡን ንገረኝ።»

ባለማሽኑ የተበጠሱትን ክሮች አየ። ከዚያ «በስንት?» ሲል ጠየቀው።

«እንደ ሁልጊዜው፣ በሃያ አራት።»

ራኬቶቹን ተቀብሎ «ሂድና ሰውነትህን አሟሙቅ» አለው። ረጅሙም ሄደ። ቆሞ ሊያይ እንኳ አልፈለገም፤ ያምነዋላ።

አሁን አንድ ነገር አስተውዪ። ዕለቱ ደረቅና ሞቃት ነበር፣ ነፋስም ነበረው። እንዲህ ባለ ቀን ኳስ ትበራለች። ክሩ በሃያ አራት ኪሎ ከተወጠረ ኳሷን ይይዛታል። ሁለት ኪሎ ከላላ ግን በምትመታት ኳስ ሁሉ ላይ አንድ ስንዝር ይጨመርበታል፤ መስመር ላይ የምታርፈው ከመስመር ትወጣለች። ተጫዋቹ ደግሞ ክሩን አይጠረጥርም። ክንዱን ይጠረጥራል፣ ነፋሱን ይሰድባል፣ እናቱ የረገመችው ይመስለዋል። ቢጠረጥርም ክር በባሕርዩ እየላላ የሚሄድ ነገር ነውና ማንም ማንንም አይከስም።

ባለማሽኑ ይህን ሁሉ ከኔም ከአንቺም በላይ ያውቃል። ሥራው ነው።

የመጀመሪያውን ራኬት ማሽኑ ላይ አሰረ። መለኪያውን አዞረ። ሃያ ሁለት ላይ አቆመው። አንድ ክር ወጠረ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አሳምሮ ነበር የሚሠራው። አምስተኛውን ሲይዝ ቆመ። ከዚያ መቀሱን አነሳና አራቱንም ቆራረጣቸው። ያ ክር የራሱ ነበር፣ ከጥቅሉ የቀረችው የመጨረሻዋ ናት፤ እንዲህ ከባከነ በኋላ ለሁለት ራኬት አይበቃም፣ ለአንድ ብቻ ነው። መለኪያውን ሃያ አራት ላይ መለሰና እንደገና «ሀ» ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ ክሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ሰማው። ከዚያ የራሱን ሻንጣ ከፈተና በሃያ አራት ተወጥሮ የተቀመጠውን የገዛ ራኬቱን አውጥቶ ከሱ ጋር አስቀመጠው፤ ረጅሙ መለዋወጫ እንዳያጣ።

ረጅሙ ተመልሶ ሲመጣ «ለምን አንድ ብቻ? ይሄኛው ደግሞ ያንተ አይደል?» አለው።

«ክር ተሳስቼ አበላሸሁ» አለ ባለማሽኑ።

ረጅሙ አሸነፈ። ስድስት ለአራት፣ ሰባት ለአምስት። የመጨረሻዋ ኳስ ከጀርባው መስመር ውስጥ ሁለት ጣት ገብታ ነው ያረፈችው፤ ቀይ አፈር ላይ ምልክቷ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ባለማሽኑ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ምልክቷን ቆሞ አያት። አንድ ስንዝር ብትጨምር የት እንደምታርፍ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ ሄዶ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

የባሰው ደግሞ ገና ነበር። የሚሄደው በረጅሙ መኪና ነዋ! ማሽኑን ኋላ ጭኖ ከፊት ተቀመጠ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ሁለቱም ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ።

ለምን ፊትሽን ታኮሳትሪያለሽ? ፌዴሬሽኑ ደግነቱን ሰምቶ ዘጠነኛ ቦታ ፈጠረለት እንድልሽ ነው የምትጠብቂው? አልፈጠረለትም። ማንም አልሰማም። ረጅሙ ወደ ትልቁ ውድድር ማጣሪያ ገባ፤ ሁለት ጊዜ አሸነፈ፣ ሦስተኛው ላይ ወደቀ። እዚያ የሚገኝ ነጥብ ግን እንደ ትንንሾቹ ውድድሮች አይደለም፤ ደረጃው በአንድ ጊዜ ሽቅብ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ስም ዝርዝሩ ሲወጣ፣ ማንንም ሳይለምን በገዛ ደረጃው ማጣሪያው ውስጥ ነበረ። ትንንሾቹ ከተሞች ድርሽ አላለም።

ባለማሽኑ የእህቱን ባል አንድ ዓመት ጨምርልኝ ብሎ ለምኖ ነበር። አራቱን ከተሞች እንደገና ዞረ። ከፊቱ ሲቀድመው የነበረው ሰው የለም፤ በሦስት ነጥብ ብልጫ ስምንተኛዋን ቦታ እሱ ወሰደ። ረጅሙም ከጨዋታው በፊት ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ውጭ ባሉት ሜዳዎች ላይ አለማመደው። በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። አዎ፣ ተሸነፈ። ግን በድምፅ ማጉያ ስሙ ተጠርቶ፣ የራሱን ራኬት ይዞ፣ በተጫዋቾች በር ገብቶ ነው የተሸነፈው። ከዚያ ወደ ሴራሚክ ሱቁ ሄደ። እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ የመግቢያ ባጁን ሰቅሎታል።

ያ ሰው እኔ እንደሆንኩ እያሰብሽ ነው፣ አይደል? አይደለሁም። እኔ ያን ጊዜ በዚያ አገር የአሰልጣኝነት ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ተመዝግቤ በመጀመሪያው ዙር የተባረርኩት ሰውዬ ነኝ። የመመለሻዬ አውቶቡስ እሑድ ማታ ስለነበር ጠዋቱን ማሽኑ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። መለኪያው ሃያ ሁለት ላይ ሲቆም አይቻለሁ። መቀሱንም አይቻለሁ። የቀረውን ኋላ ባለማሽኑ ራሱ አጫወተኝ።

«አሰልጣኝ፣ ክሩን ቢያላላው ኖሮ እኮ በዚያው ዓመት ይገባ ነበር» ልትዪኝ ነው። ይገባ ነበር። አልዋሽሽም። ግን በቀጣዩ ዓመት ረጅሙ የት ይሆን ነበር? እዚያው፣ ከጎኑ፣ በዚያችው ከተማ፣ ያችኑ አንዲት ወንበር እያየ። ሃያ ሁለት ላይ ያቆመው እጅ ደግሞ በየዓመቱ ሃያ ሁለት ላይ ማቆም ሊኖርበት ነው። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ይነቃበታል፤ ያኔ ማሽኑ ላይ ራኬቱን ትቶ የሚሄድ ሰው አያገኝም። ፍራሽ የሚያነጥፍለት፣ ጠዋት ተነስቶ የሚያለማምደው አያገኝም። ብቻውን እንደቆመ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛነቱም ይቀርበታል።

የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። ደረጃው ዝቅ ያለ ሰው የሚገባው ከጎኑ ያሉት እያለማመዱት ነው፣ እሱም እነሱን እያለማመደ። ሌላ መንገድ ካለ እኔ አላየሁም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈልጌ ነው።

አንቺ ደግሞ ባለማሽኑ ነሽ። ዛሬ እዚህ ሐዋሳ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፍሽ። በነጥብ ትመሪያለሽ። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ ውድድር ማጣሪያ ያለችው አንዲት የግብዣ ቦታ፣ ነገ ፍጻሜው ላይ በነጥብ የምትከተልሽ ረድኤት ከተሸነፈች ያንቺ ናት፤ ካሸነፈች የሷ። የነገዋ ተጋጣሚዋ፣ ዛሬ አንቺን ያሸነፈችሽ ልጅ፣ ግራኝ ናት። ረድኤት በሕይወቷ ከግራኝ ጋር ተጫውታ አታውቅም፤ ከተጋጣሚዋ ሌላ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ልጅ ግራኟ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል አለማምጂኝ ብላ ለምናሻለች። አንቺም «ትከሻዬን አሞኛል» አልሻት። ትከሻሽን እንዳላመመሽ እኔ አውቃለሁ፤ ያሠለጠንኩት ትከሻ ነው።

የነገርሻትን ውሸት አልቆጥርብሽም። ባለማሽኑም አራት ክር ወጥሮ ነበር። አሁን አምስተኛው ላይ ነሽ።

«ብታሸንፍስ? አሰልጣኝ፣ በኔ ግራ እጅ ለምዳ ቦታዬን ብትወስድስ?»

ያማል። እንባሽ ይመጣል፣ እኔም ፊቴን አዞርልሻለሁ። ከዚያ ሁለታችሁም በአንድ ሚኒባስ ትመለሳላችሁ፤ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ዝም ማለት ትችያለሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ሜዳ ቁጥር ሦስት ግን ነገ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ሰሌዳው ላይ ስሟን ጽፌያለሁ፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አንቺ በገዛ እጅሽ ትሞዪዋለሽ።